የሙሽራዋ እግር

ለሌሎች ሙሽሮች እግር ሂና የምትስለው ጀናት፣ የራሷን እግር ለማንም አሳይታ አታውቅም ነበር።

የምትሠራው መቱ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጥሩ በምትባል ሴት ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ገብታ ትቆማለች፤ አመሻሽ ላይ ከቆመችበት ትወጣለች። ፀጉር ስታጥብ ትቆማለች፣ ስትጎነጉን ትቆማለች፣ የማድረቂያው ካስክ ሥር ያለችው ደንበኛ ፀጉሯ እስኪደርቅ ሌላዋን ቆማ ታበጥራለች። የምትቀመጠው ሂና ለመሳል ብቻ ነው። የሙሽራዋን እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ከጉልበት እስከ ጣት ሐረግ እየመዘዘች፣ አበባ እያስፈነዳች ስትወርድ እጇ አይንቀጠቀጥም። የሷ እግር ግን ክረምት ከበጋ በረጅም ቀሚስና በወፍራም ጥቁር ካልሲ ተሸፍኖ ይውላል።

ከካልሲው ሥር ያለውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ከጉልበቷ ጀርባና ከቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ሸረሪት ድር ተበትነዋል። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ድር ነበረች፤ እያደር ተባዛች። ሥራ የበዛባት ቀን እግሯ ይከብዳታል፣ ያቃጥላታል፤ አንዳንዴም ተኝታ ሳለ ባቷን ጨምድዶ ይቀሰቅሳታል።

ጀናት የዚህን ነገር ስም የምታውቀው ይመስላት ነበር። ቤቷ ውስጥ ስታየው አድጋለችና።

አባቷ ጋሼ ጀላሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ዳሪሙ ውስጥ፣ በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ሲያርሱና ቡና ሲለቅሙ ነው። ግራ እግራቸው ማበጥ ሲጀምር እርሻውን ትተው መቱ ገቡ። አሁን እግሩ ከጉልበት በታች ወፍሮ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ሰው «ዝሆኔ» የሚለው በሽታ ነው። ጋሼ ጀላሉ ሽርጣቸውን እስከ መሬት ለቀው፣ ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ለጠየቃቸው ሁሉ «ስብራት ነው፣ አይሱዙ ገጭቶኝ» ይላሉ። ጀናትም እንደዚያው ትላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህን ውሸት የሚጠብቁት ሁለቱ ናቸው።

ውሸቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ አገር ልጅ ለትዳር ስትጠየቅ፣ ስለ ጠባይዋም ስለ ሙያዋም ከመነሳቱ በፊት በሹክሹክታ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። «በዘራቸው እግሩ የሚያብጥ ሰው አለ?» ይባላል። አለ ከተባለ ሽማግሌዎቹ ዳግመኛ በዚያ በር አያልፉም።

ስለዚህ ጀናት ድሩን ባየች ቁጥር የአባቷ እግር ወደሷ እየመጣ መሰላት። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ደግሞ የፈራችውን ስም ከሰው አፍ መስማት ነው። በድብቅ ያልሞከረችው ነገር የለም። በሎሚ አሸችው። በሻሽ አጥብቃ አሠረችው። አንድ ጊዜም ጎሬ ድረስ ሄዳ ዋግምት ታገመች፤ ከምላጩ ያተረፈችው ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቀረ ጠባሳ ብቻ ነው።

መህዲን ያወቀችው ካስኩ የተበላሸ ቀን ነው።

ዝናብ እየወረደ፣ ፀጉሯ የተጠቀለለ ሙሽራ ካስኩ ሥር ተቀምጣ ሳለ ካስኩ ጢስ ጢስ ሸቶ ቀጥ አለ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጥሩ «ይቺ ልጅ እንደራሰች ብትዳር ስሜ ከመቱ ይጠፋል» እያለች ማዶ ካለው የኤሌክትሪክ ጥገና ሱቅ አንድ ረጅም ወጣት እየጎተተች መጣች። ወጣቱ ካስኩን ፈታታው። ጀናት አጠገቡ ቆማ በስልኳ መብራት ያዘችለት።

«ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ» አለ ቀና ሳይል።

«ምኑ?»

«እግርሽ። ከመጣሁ ጀምሮ አንዱን እያሳረፍሽ ነው የምትቆሚው። ያምሻል?»

«የተጠራኸው ካስኩን እንድታይ ነው።»

«ካስኩማ ተሠራ።» ማብሪያውን ሲጫነው ሞቃቱ አየር ጮኸ። «ያልገባኝ የአንቺ ነው።»

ጥሩ ከወዲያ ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ እሷን ተዋት። ስንት ጠጋኝ መጥቶ ሄዷል።»

በማግስቱ ከሱቁ ረጅም በርጩማ ተሸክሞ መጣ። ፀጉር ስትሠራ ተቀምጣ እንድትሠራ ነው። ጀናት ተቆጣች፤ ከምሳ በኋላ ግን ተቀመጠችበት። ማዶ ሆኖ አየና ምንም ሳይል ወደ ብየዳው ተመለሰ። ያ ዝምታው ነው ልቧ ውስጥ የገባው። ብዙ ወንድ ያሞግሳት ነበር፤ እንደደከማት ያየ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲዘጉ አብረው መሄድ ለመዱ። መህዲ ጃንጥላውን ወደሷ ስለሚያዘነብል የግራ ትከሻው ሁሌም ይበሰብስ ነበር።

«ቤት ስትደርስ እናትህ ምን ትልሃለች?»

«‹ዝናቡ በአንድ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚዘንበው?› ትለኛለች።»

«ምን ብለህ ትመልሳለህ?»

«‹አዎ፣ በቀኝ በኩል ጀናት አለች› እላታለሁ።»

ጀናት ሳቀች፣ ሳቋም መንገድ ላይ ቆመ። የመህዲ እናት እትዬ ኡምሰልማ ባሏ የሞተባት፣ ከአጋሮ የመጣች የተከበረች ጨርቅ ነጋዴ ናት። ገና ያልተዳረች ነኢማ የምትባል ልጅ አለቻት። እንዲህ ያለ ቤት ሽማግሌ ሲልክ ያንን ጥያቄ ሳይጠይቅ አይልክም።

መህዲ ሽማግሌ ልላክ ባለ ቁጥር «ቆይ» አለችው። አንድ ቀን ልትነግረው አፏን ከፍታ «አባቴ ብቻቸውን ይሆናሉ» ብላ ዘጋችው። «ለሳቸውም ልጅ እሆናለሁ» አላት። እንዲህ ካለ ሰው መደበቅ ከበዳት፤ እሱን ማጣት ግን ይብስ ከበዳት። በመጨረሻ እሺ አለች። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ጥያቄውም ተጠየቀ። አጎቷ «በዘራችን የለም» ብለው ሲመልሱ ጀናት ከበሩ ኋላ ቆማ ሰማች። ዝም አለች። ዝምታዋ ከአጎቷ ቃል እንደማያንስ ልቧ ያውቀዋል።

የሂናው ቀን ደረሰ። ከኒካሁ፣ ከጋብቻ ውሉ፣ በፊት የሙሽራው እናት ከዘመዶቿ ጋር መጥታ የመጀመሪያውን ሂና በገዛ እጇ ሙሽራዋ እግር ላይ ታኖራለች፤ ወጉ ነው።

«እጄ ላይ ብቻ ይበቃኛል» አለች ጀናት።

ሴቶቹ ሳቁ። «የመቱን ሙሽራ ሁሉ እግር ያስጌጠች ለራሷ ሰሰተች» አለች አንዷ።

እትዬ ኡምሰልማ ዝቅ ብላ ካልሲዋን በእርጋታ አወለቀችላት፣ ቀሚሷንም እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችው። ከዚያ እጇ ቆመ። የጀናትን እግር አየች፤ ድሩን፣ ሰማያዊውን፣ የምላጩን ጠባሳ። ሌሎቹ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ቀሚሱን ቶሎ አወረደችው።

«ሂናው ቀጥኗል። ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብላ ተነሳች።

ፊቷ የደነገጠ እንጂ የተጸየፈ ሰው ፊት አልነበረም። ጀናት ግን ያኔ ይህን የምትለይበት ዓይን አልነበራትም። ቤቱ ባዶ ሲቀር የራሰው ሂና ሳህኑ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ወሬ ዳሪሙ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ አልፈጀበትም። የጋሼ ጀላሉን እግር የሚያውቅ ሰው ተገኘ፤ ኒካሁ ይቆይ ተባለ። በማግስቱ መህዲ ፀጉር ቤቱ ጓሮ ድረስ መጣ። ጃንጥላ አልያዘም።

«የጋሼ ጀላሉ እግር ስብራት ነው?»

«አይደለም።»

«ያንቺስ?»

«አላውቅም። የሳቸው ይመስለኛል።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ...» አለ። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ ሲያይ ቆየ። «እኔ እኮ መጀመሪያ ቀን ጠይቄሽ ነበር፤ ያምሻል ወይ ብዬ።»

«ጠይቀኸኛል። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።»

«በቃ ሐኪም ይየው» አለ።

መህዲ የወሰዳት ሐኪም ዶክተር ደበሳ ይባላሉ። ጀናትን አልጋ ላይ ቁጭ አድርገው እግሯን ተጫኑ፣ ቁርጭምጭሚቷን ዳበሱ፤ አቁመው ከኋላ አዩዋት፣ እንደገና አስቀመጧት። ጠባሳው ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዋግምት?»

«አዎ።»

«ሁለተኛ ምላጭ እንዳታስነኪው። ሊደማ፣ ሊመረቅዝም ይችላል።» ወንበራቸውን ሳቡ። «ስሚ። ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ቁልቁል እንዳይንሸራተት ደም ሥሩ ውስጥ ትንንሽ በሮች አሉ፤ አንዴ ካለፈ ይዘጉበታል። በዘር ደካማ ከሆኑ፣ ወይ እንዳንቺ ቀኑን ሙሉ የሚቆም ሰው ከሆነ በሮቹ ይላላሉ። ሴት ስታረግዝም ይበረታል። ደሙ ይጠራቀምና ከቆዳ ሥር ያለውን ቀጭን ደም ሥር ይለጥጠዋል። የምታዪው ድር ያ ነው።»

«ዝሆኔ አይደለም?»

«ከዝሆኔ ጋር ጎረቤትም አይደለም። ወደ እሱም አይለወጥም።»

ጀናት ቀሚሷን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ይጠፋል?» አለ መህዲ።

«በሐኪም የሚታዘዝ ጠበቅ ያለ ካልሲ አለ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ታደርገዋለች። በየመሐሉ ትራመድ፣ ማታ እግሯን ከፍ አድርጋ ትተኛ። ክብደቱና ማቃጠሉ ይቀልላታል። ድሩ ራሱ እንዲጠፋ ከፈለገች አዲስ አበባ በቀጭን መርፌ መድኃኒት ሰጥተው ደም ሥሩን ይዘጉታል፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሊወጣ ይችላል፤ አልዋሻችሁም። ካላስቸገራት ግን ግዴታ አይደለም።» ወደ ጀናት ዞሩ። «አንዱ እግርሽ ብቻ ድንገት ቢያብጥና ቢግል፣ ወይ ቁስል ቢወጣበት ግን አንድ ቀን እንዳታድሪ። ለመሆኑ ዝሆኔን ከየት አመጣሽው?»

«አባቴ አለባቸው።»

«ታዲያ እሳቸውን ነበር ማምጣት። እሱም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዘመን ሙሉ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው። በቀላሉ የሚይዘው ዘር አለ፣ እውነት ነው፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ሰው ግን አይያዝም።»

ሲወጡ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መህዲ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ሳቀ፣ ወዲያው ስልኩን አወጣ።

«እማ፣ አይደለም። ሐኪሙ አይቷታል። ምንም የለባትም፤ ንፁህ ናት።»

ያቺ «ንፁህ» የምትለው ቃል ጀናት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሆነችባት። ንፁህ ያልሆነው ማን ነው? ቤት ውስጥ ሽርጣቸውን እየጎተቱ ተቀምጠው የሚጠብቋት አባቷ።

«ቢኖርብኝስ ኖሮ?» አለችው ስልኩን ሲዘጋ።

መህዲ ዞር ብሎ አያት። አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ።

«አሁን የለብሽማ» አለ በመጨረሻ።

ተነስታ ቀድማው ሄደች።

እትዬ ኡምሰልማ ኒካሁ ይሁን አለች፤ አንድ ነገር ግን ጠየቀች። መልእክቱን ይዞ የመጣው ራሱ መህዲ ነው። ጋሼ ጀላሉ ካኪ ሱሪ እየሰፉ ነበር።

«ኒካሁ ምንጣፍ ላይ ነው» አለ መህዲ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የገባ ሁሉ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ከአጋሮ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ነኢማም ገና አልተዳረችም። ጋሼ ጀላሉ ውክልና ሰጥተው፣ ወሊይ ሆነው የሚድሩሽ አጎትሽ ይሁኑ ነው የተባለው። ሃይማኖቱም ይፈቅዳል። የአንድ ሰዓት ነገር ነው ጀናት።»

የስፌት መኪናው ቆመ። «ልክ ነው» አሉ ጋሼ ጀላሉ፤ ጀናት መልስ ከመስጠቷ በፊት። «እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።»

ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የተለማመዱት ይመስል ነበር፤ ጀናትን የሰበራትም ያ ነው።

«አባ፣ እርስዎ ከሌሉበት አልዳርም።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእግር ብለሽ ዕድሜሽን...»

«አልዳርም አልኩ።» ወደ መህዲ ዞረች። «እናትህን ጨካኝ ናት አልልም። ለነኢማ አስባ ነው፤ እኔም ለአባቴ ብዬ ዋሽቼሃለሁ። አንተ ግን ይህን ቃል ተሸክመህ ስትመጣ መንገድ ላይ አንዴ እንኳ አልከበደህም?»

«ከብዶኛል።»

«ይዘኸው መጣህ ግን።»

መህዲ ጋሼ ጀላሉን እጅ ነስቶ ወጣ።

ከተማው የወደደውን አወራ። አንዳንድ የሙሽራ እናት ልጇን ወደ ሌላ ሂና ሳይ ወሰደች። ጥሩ በር ላይ ቆማ «ሂናውን በእግሯ አይደለም እኮ የምትስለው» ብላ ከኋላቸው ትጮህባቸዋለች። ለጀናት ደግሞ «ያ ጠጋኝ በቀን አሥር ጊዜ ወደዚህ ያያል፤ አንድ ቀን ራሱን በኤሌክትሪክ ሳይገድል አይቀርም» ትላታለች። ጀናት አትስቅም። ማዶ እንዳታይ በርጩማውን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

አባቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። እግራቸውን በየቀኑ በሳሙናና በንፁህ ውሃ እንዲያጥቡ፣ በሐኪም የተሰጠ ውሃ ውስጥ እንዲዘፈዝፉ፣ ቅባት ተቀብተው በፋሻ እንዲጠቀልሉ፣ በልካቸው በተሠራ ሰፊ ጫማ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ጠዋት ጠዋት ጀናት የራሷን ጠባብ ካልሲ እየታገለች ታጠልቅና የአባቷን ፋሻ ትጠቀልላለች። ቀስ በቀስ የእግሩ ሽታ ጠፋ፤ እብጠቱም ጎደለ። እንደ ሌላው እግር ግን አልሆነም፤ አይሆንምም። ጋሼ ጀላሉ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ጁምዓ ለመስገድ ወጡ።

መህዲ አንድ ጠዋት መጣ። ጋሼ ጀላሉ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ እንደዘፈዘፉ ነበር፤ ሽርጣቸውን ለመሳብ ተጣደፉ።

«ይተዉት ጋሼ» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። «ያን ቀን የጠየቅሽኝን ሳስብ ከረምኩ ጀናት። ‹አልተውሽም ነበር› ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላውቅም። ምናልባት እሄድ ነበር። ፈሪ እንደሆንኩ ያወቅሁት አንቺ ስትጠይቂኝ ነው።»

ጀናት ፎጣውን ይዛ ቆመች። የጠበቀችው ልመና ነበር፤ ይህን አልጠበቀችም።

ጋሼ ጀላሉ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳል አሉ። «ሰው ባልሠራው ጥፋት ራሱን ሲከስ ዛሬ ገና አየሁ።»

«የሠራሁትም አለ ጋሼ። ያን መልእክት ይዤ መጥቻለሁ። ወሊይዋ እርስዎ ካልሆኑ እኔም አላገባም፤ ለእማም ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?» አለች ጀናት።

«‹እንግዲያ እኔ አልመጣም› አለች።»

ጀናት አጎንብሳ የአባቷን እግር ማድረቅ ጀመረች። ልቧ ወደሱ ሄዷል፤ አንደበቷ ግን አልተከተለም። «እኔ አባቴን ጓዳ አላስቀምጥም ብዬ፣ አንተ እናትህን ደጅ አስቀርተህ አናገባም። ከዚያ ምኑን ተሻልን?»

«ካልመጣችስ?»

ማድረቋን ቀጠለች። ሲወጣ ግን በሩ ድረስ ሸኘችው፤ እጁም እጇን ለአፍታ ነካ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጥሩ ገበያ በሄደችበት አንድ ከሰዓት፣ እትዬ ኡምሰልማ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ታየች። ጀናት ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ሰው አለ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«በሩን ዝጊው።»

ጀናት ዘጋችው። እትዬ ኡምሰልማ ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ለረጅም ጊዜ መስታወቱን እንጂ ጀናትን አላየችም። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ቀስ ብላ እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

ድሩ እዚያም ነበር። ከጀናት ይልቅ ጠቁሮ፣ በዝቶ፤ ባቷ ላይም እንደ ገመድ የተቋጠሩ ወፋፍራም ደም ሥሮች ጎላ ጎላ ብለዋል።

«ነኢማን ሳረግዝ ነው የጀመረኝ» አለች በዝቅተኛ ድምፅ። «ባሌ እንኳ ሳያየው ሞተ። የሂናው ቀን ያንቺን ሳይ የራሴን ያየሁ መሰለኝ። እኔንም ያው በሽታ የያዘኝ፣ አንቺንም የያዘሽ፣ ከሁለታችን ዘር የሚወለደው ምን ሊሆን ነው ብዬ ሸሸሁ።»

«መህዲ ሐኪሙ ያለውን ነግሮዎት የለም?»

«ያንቺን ነገረኝ። የኔንስ ማንን ልጠይቅ? ስጠይቅ ልታወቅ ነው።»

ጀናት በጉልበቷ ተንበርክካ አየችው። ያበጠ ቦታ ዳበሰች፣ ቁስል መኖሩን ፈለገች። ቁጣ ሊመጣባት ይገባ ነበር፤ መጣም። «ታዲያ አባቴን ለምን?»

እትዬ ኡምሰልማ እንደገና ወደ መስታወቱ ዞረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ጣቴን ወደሳቸው እግር ከቀሰርኩ ሰው ወደኔ እግር አያይም ብዬ ነው» አለች። ከዚያም ቀሚሷን ሳታወርድ አለቀሰች።

ጀናት ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች፤ እሷም አጎቷ ሲዋሹ ከበሩ ኋላ ቆማ ዝም ብላለች። «ነገ አብረን እንሂድ» አለቻት።

ዶክተር ደበሳ የእትዬ ኡምሰልማን እግር አቁመውም አስቀምጠውም መረመሩ። ዝሆኔ አይደለም አሉ። ወፋፍራሞቹ ግን በማሽን መታየት አለባቸው፣ ጅማ ሄዳ ትታይ፤ እስከዚያው ካልሲውን ታድርግ፣ ሱቅ ውስጥ ስትውል እየተነሳች ትራመድ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ።

«እናትና ልጅ ናችሁ? እንዲህ ያለው በቤተሰብ ይሄዳል።»

ጀናት መሬት መሬት አየች።

«ገና ነን» አለች እትዬ ኡምሰልማ።

ኒካሁ የሆነው በጋሼ ጀላሉ ቤት ነው። ጀናት ከሴቶቹ ጋር በመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣ በስንጥቁ በሩን ታያለች። እንግዶቹ ጫማቸውን እያወለቁ ገቡ። ከአጋሮ የመጡት ሽማግሌዎች «ወሊዩ የት አሉ?» ሲሉ እትዬ ኡምሰልማ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «አባቷ ናቸው፤ እየመጡ ነው» አለች።

ጋሼ ጀላሉ በሩ ጋ ደረሱ። አዲስ ነጭ ሽርጥ ለብሰዋል፤ እጃቸው የበሩን መቃን ይዟል። ዓይን ሁሉ ወደ ሰፊው ጫማቸው ወረደ። ለማጎንበስ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መህዲ ከተቀመጠበት የክብር ቦታ ተነስቶ፣ ምንጣፉን አቋርጦ ሄዶ ተንበረከከ። ማሠሪያውን ፈታ፤ በፋሻ የተጠቀለለውን እግር በሁለት እጁ ደግፎ ምንጣፉ ላይ አኖረው።

አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ሌላም ተከተላቸው። ጀናት ሌሎቹም የሚነሱ መሰላት። የቀሩት ጠጋ ጠጋ ብለው ለጋሼ ጀላሉ ቦታ ለቀቁ። ሁሉም በደስታ አልነበረም፤ አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ ነው። ነኢማ ግን መጋረጃው ወዲህ ሆና የጀናትን ትከሻ ያዘች። ከወጡት ሽማግሌዎች አንዱ የነኢማን የጋብቻ ጉዳይ የያዙ እንደነበሩ ጀናት ታውቃለች።

ሼኹ የጋሼ ጀላሉን ቀኝ እጅ ከመህዲ እጅ ጋር አጨባበጡ።

«ልጄን ጀናትን...» አሉ ጋሼ ጀላሉ፤ ድምፃቸው ተቆረጠ። «ልጄን ጀናትን...»

«ተቀብያለሁ» አለ መህዲ።

«ቆይ አንተ ልጅ» አሉ ሼኹ፤ «እሳቸው ገና አልጨረሱም።»

ፊታቸውን አዙረው የነበሩት ጭምር ሳቁ። ጋሼ ጀላሉም እየሳቁና በግራ እጃቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩት።